የቴርሊንጓው ቢጫ ድንጋይ

 ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንድ ቢጫ ድንጋይ ነው። ወርቅ እንዳይመስላችሁ፤ ወርቅማ ተራኪ አጥቶ አያውቅም። ይሄኛው ባዜቃ ያዘለ ድንጋይ ነው፤ ያ በሙቀት መለኪያ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ሲል የምናውቀው፣ ብዙዎቻችን ሜርኩሪ የምንለው ፈሳሽ። ድንጋዩ በዓለም ላይ የሚገኝባቸው ስፍራዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ብርሃን ሲያርፍበት መልኩ ይለወጣል፤ ጨለማ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በከፊል ወደ ቀድሞ ገጹ ይመለሳል። ስሙ ክላይናይት ይባላል። ከእሱ አምስት ዓመት ዘግይቶ የታወቀ ታናሽ ወንድምም አለው፤ እሱን ሞዝሳይት ይሉታል። ሁለቱም በሆዳቸው ማንም ያልጠበቀውን ነገር ይዘው ተቀምጠው ነበር። ያን ነገር ያገኘው ሰው ደግሞ ከዓመታት በፊት ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ግኝት ከእጁ ሾልኮ ያመለጠው ሰው ነው። እዚያ እስክንደርስ ታገሱኝ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

አገሩ ቴክሳስ ነው፣ ምዕራብ ቴክሳስ። ሪዮ ግራንዴ የተባለው ወንዝ አሜሪካንና ሜክሲኮን እየለየ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወርድ ይቆይና ድንገት ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ያንን መታጠፊያ ቢግ ቤንድ ይሉታል። ዝናብ የራቀው፣ ቁልቋልና እሾህ የበዛበት፣ ቀን ሐሩሩ ሌሊት ቁሩ የማይጣል በረሃ ነው። በዚያ በረሃ ቴርሊንጓ የሚባል ጅረት ይወርዳል፤ የማዕድኑም ወረዳ በጅረቱ ስም ይጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1884 ሁዋን አኮስታ የሚባል ሰው ከዚያ በረሃ ያነሳውን ቀይ ድንጋይ ፕሬሲዲዮ ከተማ ውስጥ ሱቅ ለነበረው ለኢግናትስ ክላይንማን አሳየው ይባላል። ቀዩ ድንጋይ ሲናባር ነበር፤ ባዜቃና ድኝ ተዋህደው የሚሠሩት፣ የዓለም ባዜቃ ዋና ምንጭ። ክላይንማን ሞከረው፣ አልሆነለትም። ከካሊፎርኒያ የመጡ ሰዎችም ሞከሩት፤ እነሱም ትተውት ሄዱ፤ ካሊፎርኒያ ሂል የሚለው ስም ግን በኮረብታው ላይ ቀረ። የባዜቃው ሥራ በእግሩ የቆመው ከዚያ በኋላ፣ ክፍለ ዘመኑ ሊለወጥ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ማሪፖሳ በተባለው ጉድጓድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ደግሞ ሃዋርድ ፔሪ የተባለ ባለሀብት ቺሶስ የተባለውን የማዕድን ኩባንያ መሠረተ፤ ቴርሊንጓም ከአገሪቱ ታላላቅ የባዜቃ ምንጮች አንዷ ሆነች።

አሁን ከመሬቱ በታች ልውሰዳችሁ፤ ድንጋዩ እንዴት እንደተወለደ ሳታውቁ የቀረው ታሪክ አይጣፍጥምና።

ዳይኖሰሮች በነበሩበት በክሬቴሸስ ዘመን ያ በረሃ ባሕር ነበር። ባሕሩ ወፍራም የኖራ ድንጋይ አነጠፈ፣ በላዩም ዴል ሪዮ የሚባለውን የሸክላ ጭቃ ደረበበት። ሸክላው ውሃ አያሳልፍም። ከረጅም ዘመን በኋላ ከጥልቅ ምድር ባዜቃ የተሸከመ ትኩስ ፈሳሽ የኖራ ድንጋዩን ስንጥቅ እየተከተለ ሽቅብ መጣ። ሸክላው ጋ ሲደርስ መንገድ አጣ። እዚያው፣ ከሸክላው ሥር፣ በኖራው ዋሻዎችና ስንጥቆች ውስጥ ሸክሙን አራገፈ። ቀዩ ሲናባር እንዲህ ተጠራቀመ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጊዜ ሲያልፍ መሬቱ ተሸረሸረ፣ አየርና ከላይ የሚሰርግ ውሃ ወደ ሲናባሩ ደረሱ። ውሃው ክሎሪን ያዘለ ጨው ነበረበት። ሲናባሩ ቀስ እያለ ተበላ፣ ድኙ ተለየ፣ ባዜቃው ከክሎሪንና ከኦክስጅን ጋር አዲስ ትዳር ያዘ። በዚያ ደረቅ አገር ዝናብ እያጠበ አይወስዳቸውምና፣ እነዚህ አዳዲስ ውህዶች በኖራው ጎድጓዶች ግድግዳ ላይ፣ በነጩ ካልሳይት ላይ ተቀምጠው ቀሩ። በአንዳንዱ ጎድጓዳ ደግሞ ባዜቃው ከማንም ጋር ሳይዋሃድ በጠብታነቱ ተገኝቷል። አስቡት እስቲ፤ በሻማ ብርሃን ነጭ ግድግዳ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ጥቁር ቀይ ክሪስታል፣ ከሥራቸውም የሚያንጸባርቅ የብር ጠብታ።

ይህን ማየት የመጀመሪያ ዕድላቸው የሆነው ቆፋሪዎቹ ናቸው። አብዛኞቹ ሜክሲኳውያን ነበሩ፤ በኋላም በ1910 በተነሳው አብዮት ምክንያት ወንዙን የተሻገሩ ብዙዎች ተጨመሩባቸው። የቀን ደመወዛቸው ከአንድ እስከ ሁለት ዶላር ነበር። ደመወዙን የሚከፍለው ኩባንያ ነው፤ ዱቄቱንና ጨርቁን የሚሸጥላቸውም የኩባንያው ሱቅ ነው። ማዕድኑን አውጥተው ወደ እቶን ይሰዱታል። እቶኑ ውስጥ ድኙ ይነዳል፣ ባዜቃው ይተናል፣ ተኑ በማቀዝቀዣ ክፍሎች ሲያልፍ ጠብታ ሆኖ ይሰበሰባል። ከዚያ 34.5 ኪሎ ግራም ገደማ በሚይዝ የብረት ብልቃጥ ይሞላና በበቅሎ በሚጎተት ጋሪ ወደ ሰሜን፣ ወደ ባቡሩ ሐዲድ ይሄዳል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የጥይትና የቦምብ ማፈንጃ የሚሠራው ከባዜቃ ነበርና ዋጋው ሰማይ ነካ።

የእቶኑ ሰዎች ነገር ያንገበግበኛል፤ ሳልናገር አላልፍም። የባዜቃ ተን ሽታ የለውም፣ አይታይም። የተነፈሰው ሰው መጀመሪያ ምራቁ ይበዛል፣ ድዱ ያብጣል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፤ ሲቆይ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጠባዩም ይለወጣል። ይህ በሽታ በአውሮፓ የባዜቃ ጉድጓዶች ለዘመናት የታወቀ ነበር። ታውቆም ሰው ከእቶኑ አፍ አልራቀም። ዛሬ ቴርሊንጓን የሚጎበኝ ሰው መቃብሩን ያያል፤ ከድንጋይ ክምርና ከእንጨት መስቀል የተሠሩ የሠራተኞችና የቤተሰቦቻቸው መቃብሮች ናቸው፤ በ1918 የዓለም ወረርሽኝ የሞቱትም እዚያው አሉ።

ወደ ድንጋዩ ልመለስ።

ከቀዩ ሲናባር ሌላ እንግዳ ነገር እንዳለ በመጀመሪያ የጻፈው ተርነር የተባለ ጂኦሎጂስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ተርሊንጓይት የሚለውን ስም ሰጠ። በ1903 በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማዕድን ሳይንስ ፕሮፌሰር የነበረው አልፍሬድ ሞዝስ ናሙናዎቹን በደንብ መረመረና ተርሊንጓይትን በወግ ገለጸው፣ ሁለት አዳዲስ ማዕድናትም ጨመረበት። አንዱን በኮሎምቢያ የማዕድን ትምህርት ቤትን በመሠረተው በቶማስ ኤግልስተን ስም ኤግልስቶናይት አለው። ሌላውን ከጉድጓዱ ባለቤቶች አንዱ በነበረው በሞንትሮይድ ሻርፕ ስም ሞንትሮይዳይት ብሎ ጠራው።

ከአንድ ወረዳ፣ በአንድ ጽሑፍ ይህን ያህል አዲስ ማዕድን ማግኘት በየቀኑ የሚሆን ነገር አይደለም። ጠባያቸው ደግሞ ያስደንቃል። ሞንትሮይዳይት ባዜቃና ኦክስጅን ብቻ ነው፤ ጥቁር ቀይ፣ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ያድጋል፣ አንዳንዱም እንደ ትል ተጣምሞ ይገኛል። ተርሊንጓይት ከጉድጓድ ሲወጣ የድኝ ቢጫ ነው፤ ብርሃን ሲቆይበት ወደ ወይራ አረንጓዴነት ያደላል። ኤግልስቶናይት ቢጫ ወደ ቡናማ ሆኖ ይወጣና ብርሃን ሲያየው እየጠቆረ ይሄዳል። ስለዚህም ነው የሙዚየም ጠባቂዎች የቴርሊንጓን ናሙና በመሳቢያ ውስጥ ዘግተው የሚያኖሩት። በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በመብራት ሥር ዓመታት የተቀመጠ ናሙና የተወለደበትን ቀለም አያሳይም።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንዱ ቢጫ ነገር ግን አስቸገረ። ክሪስታሉ ስድስት ጎን ያለው አጭር ምሰሶ ነው። ቀለሙ ከነጣ ቢጫ እስከ ብርቱካንማ ይደርሳል፤ ብርሃን ላይ ሲቆይ ብርቱካንማነቱ ይደምቃል፣ ጨለማ ውስጥ ሲያድር በከፊል ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1905 አርተር ዛክስ የተባለ ጀርመናዊ በበርሊን አካዳሚ ጉባኤ ጽሑፍ ላይ ገለጸውና በበርሊኑ የማዕድን ሳይንስ ፕሮፌሰር በካርል ክላይን ስም ክላይናይት አለው። ዛክስ ባዜቃ፣ ክሎሪንና ኦክስጅን የተዋሃዱበት ማዕድን ነው ብሎ ደመደመ። ጎረቤቶቹ ሁሉ እንዲያ ዓይነት ነበሩና ማንም ሰው ያንን ቢያስብ አይፈረድበትም። ሆኖም አንድ ነገር አምልጦት ነበር።

አሁን ያ ቃል የገባሁላችሁ ሰው ይመጣል። ዊሊያም ፍራንሲስ ሂለብራንድ ይባላል። የተወለደው በ1853 በሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ነው፤ አባቱ ሐኪምና የዕፀዋት ሊቅ ነበሩ። ልጁ ጀርመን ሄዶ ሃይደልበርግ ላይ ከታላቁ ኬሚስት ከቡንዘን ዘንድ ኬሚስትሪ ተማረ። ገና ወጣት ሳለ ከጓደኛው ጋር ሆኖ ሴሪየምን የመሳሰሉ ብርቅዬ ብረቶች በኤሌክትሪክ ኃይል ለይቶ አውጥቷል። ወደ አሜሪካ ተመልሶ የአገሪቱ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ኬሚስት ሆነ። ድንጋይ እንዴት እንደሚመረመር የጻፈው መመሪያ በየቤተ ሙከራው ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ነው። ሚዛኑን የሚያከብር፣ ያላየውን የማይጽፍ፣ አንድ መቶኛ ሲጎድልበት እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ሰው አድርጌ ነው የማስበው፤ ሥራው እንዲህ ያሰኛል።

ይህ ጥንቁቅ ሰው በ1880ዎቹ መጨረሻ ዩራኒናይት የተባለውን የዩራኒየም ማዕድን ይመረምር ነበር። ማዕድኑን ከአሲድ ጋር ሲያፈላው ጋዝ ወጣ። ጋዙ አይነድም፣ ከምንም ጋር አይዋሃድም። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ከትቶ ኤሌክትሪክ አሳልፎ የብርሃኑን መስመሮች ከባልደረባው ከሃሎክ ጋር ሆኖ አየ። የናይትሮጅን መስመሮች ታዩ። ናይትሮጅን ነው ብሎ ጻፈ፤ ከጋዙ ከፊሉ እውነትም ናይትሮጅን ነበር። ነገር ግን እንግዳ መስመሮችም ነበሩ። ሁለቱም አይተዋቸዋል። ከሁለቱ አንዱ ምናልባት አዲስ ንጥረ ነገር ይሆን እንዴ ብሎ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በቁም ነገር ተናገረ። የናይትሮጅን መስመሮች እንደ ኤሌክትሪኩ መጠንና እንደ ቱቦው ባዶነት ይለዋወጣሉና፣ ያ ነው ተብሎ ታለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1895 ለንደን ላይ ዊሊያም ራምዚ አርጎንን ካገኘ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። የብሪቲሽ ሙዚየሙ የማዕድን ሊቅ ሄንሪ ማየርስ ስለ ሂለብራንድ ጋዝ በደብዳቤ ጠቆመው። ራምዚ የዩራኒየም ማዕድን ገዝቶ በአሲድ አፈላው፣ ጋዙንም በመስታወት ቱቦ ውስጥ አየው። አንዲት ደማቅ ቢጫ መስመር ታየችው። ያቺ መስመር ከ1868 ጀምሮ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ብቻ የምትታወቅ፣ በምድር ላይ ግን ማንም አግኝቶ የማያውቃት ነበረች። ሂሊየም ነበር። ዩራኒየም እየፈራረሰ ሲሄድ በድንጋዩ ውስጥ ሂሊየም እንደሚያጠራቅም ዓለም የተረዳው ከዚያ በኋላ ነው። ራምዚ በ1904 የኖቤል ሽልማት ወሰደ።

ልብ በሉ፤ ሂለብራንድ ምን እንዳደረገ ስሙ። ለራምዚ ደብዳቤ ጻፈለት። መስመሮቹን ሳናያቸው ቀርተን አይደለም፣ አይተናቸዋል፣ ግን በሌላ ምክንያት ተርጉመን ጣልናቸው ብሎ በግልጽ ነገረው። የቀደምኩህ እኔ ነኝ አላለም፤ ሰበብም አልደረደረም። ይህን ያህል ንጹሕ ሰው በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም እላለሁ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ነው እንግዲህ የቴርሊንጓው ቢጫ ድንጋይ በሂለብራንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው። እንደ ልማዱ መዘነ፣ ለካ፣ ደመረ። ባዜቃው ከመቶ 85 እጅ ገደማ ሆነ። ክሎሪን አለ። ከጥቂት ድኝ የተሠራ ሰልፌትም አለ። እና ሌላ ነገር። ክላይናይት ሲሞቅ ጋዝ ይለቃል፤ ያ ጋዝ ናይትሮጅን ነው። በዚህ ጊዜ እውነተኛ፣ ሙሉ በሙሉ ናይትሮጅን። ናይትሮጅኑ ከአየር ሾልኮ የገባ አልነበረም፤ ከባዜቃው ጋር ተዋህዶ የድንጋዩ አካል ሆኗል።

ይህ ምን ያህል ያልተጠበቀ እንደሆነ ላስረዳችሁ። ናይትሮጅን አየራችንን ሞልቶት ይኖራል እንጂ ድንጋይ ውስጥ መግባት አይወድም። ባዜቃን ከአሞኒያ ጋር ማዋሃድ ኬሚስቶች ያውቁበት ነበር፤ ፈረንሳዊው ኢዩጂን ሚሎን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያጠናው ቢጫ ዱቄት በስሙ የሚሎን ቤዝ ተብሎ ይታወቃል። ያ ግን በሰው እጅ፣ በብርጭቆ ውስጥ የተሠራ ነው። በቴክሳስ በረሃ፣ በኖራ ድንጋይ ጎድጓዳ ውስጥ፣ ተፈጥሮ ያንኑ ዓይነት ውህድ ራሷ ሠርታ፣ ክሪስታል አድርጋ ማስቀመጧን ከሂለብራንድ በፊት ማን ያውቅ ነበር? በብርሃን ውስጥ የታየችው ቢጫ መስመር ያመለጠችው ሰው፣ ከሌሎች ያመለጠውን ቢጫ ድንጋይ ምስጢር ያዘ።

ሂለብራንድ ይህን ብቻውን አልጨረሰውም። አጠገቡ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የካሊፎርኒያ ልጅ፣ ዋልደማር ሻለር ነበር፤ የክሪስታል ጂኦሜትሪ የተካነ። የሻለር ሥራ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ከጤፍ ፍሬ የማይተልቅ ክሪስታል በመርፌ ይነቀላል፣ በጥቂት ሰም ጫፍ ላይ ይተከላል፣ ጎኒዮሜትር በተባለው መሣሪያ መሐል ይቀመጣል። ቀጭን የብርሃን ጨረር ይለቀቅበታል። ክሪስታሉ ቀስ ብሎ ሲዞር አንዱ ገጽ ብርሃኑን ወደ ዓይን ይመልሳል፤ ያኔ በክቡ ላይ ያለው ማዕዘን ይነበባል፣ ይጻፋል። ደግሞ ይዞራል፣ ሌላ ገጽ ያበራል፣ ይነበባል። ገጽ በገጽ፣ ክሪስታል በክሪስታል። ሰሙ ጥቂት ቢለሰልስ የሰዓታት ድካም ከንቱ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ ንባብ የክሪስታሉ ሥርዓት ይወጣል። የሁለቱ ሰዎች ሥራ በ1909 የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤቱ 405ኛ ቡለቲን ሆኖ ታተመ፤ ስለ ቴርሊንጓ የባዜቃ ማዕድናት የሚጽፍ ሰው እስከ ዛሬ እዚያ ሳይደርስ አያልፍም።

ታናሽ ወንድሙስ? እሱ የመጣው በሰብሳቢ ዓይን ነው። ፍሬደሪክ ካንፊልድ የኒው ጀርሲ ሰው ሲሆን የማዕድን መሐንዲስ፣ የኮሎምቢያም ተማሪ ነበር። ያጠራቀመው ስብስብ ከሞተ በኋላ ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተሰጥቷል። ካንፊልድ ከቴርሊንጓ በመጡ ናሙናዎች ላይ ስምንት ገጽ ያላቸው ደቃቅ የሎሚ ቢጫ ክሪስታሎች አስተዋለ። ክላይናይት ባለ ስድስት ጎን ምሰሶ ነው፤ እነዚህ እንዲያ አይደሉም። ነገሩን ለሂለብራንድና ለሻለር አደረሰው። ሊመረመር የሚችለው መጠን እጅግ ጥቂት ነበር። ቢሆንም ባዜቃው፣ ክሎሪኑ፣ ሰልፌቱ፣ ናይትሮጅኑም እዚያው አለ። በ1910 ሦስቱ በጋራ አዲስ ማዕድን መሆኑን አስታወቁ፤ ለአልፍሬድ ሞዝስ ክብርም ሞዝሳይት አሉት።

የሁለቱ ወንድማማቾች ጠባይ ሌላም እንቆቅልሽ ነበረው። በቅርጹ የተስተካከለ የሚመስለው ክሪስታል ብርሃን ሲያልፍበት እንደ ቅርጹ አይሆንም፤ የተዛባ ነገር ያሳያል። ሲሞቅ ግን ይስተካከላል። ክላይናይት 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ ሞዝሳይት ደግሞ 186 ላይ ሲደርስ የብርሃኑ ጠባይ ከቅርጹ ጋር ይታረቃል። ድንጋዩ የተወሰነ ሙቀት ሲደርስበት ውስጣዊ ሥርዓቱን ያስተካክላል ማለት ነው።

ምክንያቱ የታየው ኤክስሬይ ሲመጣ ነው። በ1951 ዊሊያም ሊፕስኮም፣ በኋላ በሌላ ሥራው ኖቤል የወሰደው፣ የሚሎን ቤዝን አወቃቀር ጻፈ። እያንዳንዱ ናይትሮጅን በአራት ባዜቃዎች ይከበባል፤ እያንዳንዱ ባዜቃ ደግሞ ሁለት ናይትሮጅኖችን ያገናኛል። እንዲህ እየተያያዘ ማለቂያ የሌለው ክፍት መዋቅር ይሠራል። ክሎሪኑ፣ ሰልፌቱና ውሃው በመዋቅሩ ባዶ ክፍሎች ውስጥ ይቀመጣሉ። ለዚህ ነው መጠናቸው ከናሙና ናሙና የሚለያየው፣ ለዚህም ነው የመጀመሪያዎቹ መርማሪዎች ቁርጥ ያለ ቀመር ሊያገኙለት የተቸገሩት። ሁለቱ ወንድማማቾች የሚለያዩት ያው መዋቅር በተደረደረበት አኳኋን ነው። በ1953 የስሚዝሶኒያኑ ስዊትዘር ከባልደረቦቹ ጋር ሞዝሳይትን እንደገና መርምሮ የናይትሮጅኑን ነገር አጸና፤ ያኔ ከሜክሲኮ ጌሬሮ ግዛት፣ ከኋኋሽትላ ጉድጓድ የተገኘ ናሙናም ደርሶ ነበር። በኔቫዳም ተገኝቷል። ክላይናይት ደግሞ በዚያው በኔቫዳ፣ በማክደርሚት ጉድጓድ ታይቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ክላይናይት ውስጥ ያለው ባዜቃ ሲናባር ውስጥ ካለው ጋር እኩል ሊባል ይችላል፤ ሁለቱም ከመቶ 85 ይዘላሉ። ለእቶኑ ሰው ቢጫውም ቀዩም አንድ ነው፤ ሲሞቁ ሁለቱም ባዜቃ ይሰጣሉ። ስለዚህ ሂለብራንድ በሚሊግራም የሚመዝነው ድንጋይ፣ ሻለር በመርፌ ጫፍ የሚያነሳው ክሪስታል፣ በበረሃው ውስጥ በአካፋ እየተዛቀ እቶን ይገባ እንደነበር አልጠራጠርም። ዛሬ በሙዚየም ያለው ከእሳት የተረፈው ነው። ከእሳት ያተረፈውም አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ያልተጻፈ ቆፋሪ ነው፤ ሻማውን ጠጋ አድርጎ፣ ይሄስ ከሌላው ይለያል ብሎ ወደ ጎን ያኖረው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ማዕድናት ስም ቁጠሩ፤ አንዱ የቦታ፣ አንዱ የባለሀብት፣ ሦስቱ የፕሮፌሰሮች ነው። ፕሮፌሰሮቹ የሚገባቸውን አግኝተዋል፤ ያን ድንጋይ በእጁ ከግድግዳው ላይ ያላቀቀው ሰው ግን ድርሻ አልተሰጠውም፣ ይህም ቅር ይለኛል።

የፔሪ ኩባንያ በ1942 ከሰረ። ቴርሊንጓም ከጦርነቱ በኋላ ሰው የራቃት ፍርስራሽ ሆነች። ጉድጓዶቹ ቢዘጉም የማዕድናቱ ነገር አላለቀም። ሰብሳቢዎች የቀረውን የድንጋይ ክምር ማገላበጥ ቀጠሉ፣ መሣሪያውም እየረቀቀ ሄደ። በ1977 ከማሪፖሳ ጉድጓድ ሦስተኛው ባለ ናይትሮጅን ወንድም ወጣ፤ እሱ ከክሎሪን ይልቅ ሰልፌቱን ይዟል፣ በኔቫዳው ጂኦሎጂስት በቪንሰንት ጃኔላ ስምም ጃኔላይት ተባለ። በ1981 ደግሞ ከዚያው ከማሪፖሳ ብሮሚን ያለበት ቀይ የባዜቃ ማዕድን ተገለጸ። ኮማንቻይት ይባላል። የተሰየመው ለኮማንቺ ሕዝብ ነው፤ ኩባንያም ሆነ እቶን በዚያ ምድር ሳይታወቅ ሲናባሩን እየቆፈሩ ለቀይ ቀለም ይጠቀሙበት የነበሩት እነሱ ናቸው።